የተጠራ ዋጋና የተከፈለ ዋጋ፦ የአንድ ኮንዶሚኒየም ግዢ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤት በእርግጥ ስንት እንደተሸጠ ገዢ ከፍቶ የሚያይበት መዝገብ የለም። ውል ላይ የሚጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ ከተከፈለው ያንሳል። ደላላ የሚጠራው ከሚከፈለው ይበልጣል። የባንክ ግምት ደግሞ ለብድር ዋስትና የተሠራ ነው። ገዢው በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች መሀል ሆኖ አራተኛውን፣ ሰው ከኪሱ ያወጣውን ገንዘብ፣ ራሱ አፈላልጎ ማግኘት አለበት።

ይህ ጽሑፍ አንድ ቤተሰብ በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ያንን ቁጥር እንዴት እንዳገኘ ይተርካል። እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ ለዋስትና የሚያዙ ቤቶችን እገምታለሁ። ገዢዎቹን በዝምድና ስለማውቃቸው ቤት ከማየት እስከ ስም ዝውውር አብሬያቸው ነበርኩ። የሰው ስምም ሆነ የሳይቱን ስም አልጠቅስም፤ ቁጥሮቹን አጠጋግቻለሁ።

ገዢዎቹና ቤቱ

ባልየው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሚስትየው ዱባይ ለዓመታት ሠርታ የተመለሰች ስትሆን አብዛኛው ገንዘብ የእሷ ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ የሚኖሩት በኪራይ ነበር። ሁሉንም ወጪ ጨምሮ ከ5.8 ሚሊዮን ብር በላይ ማውጣት አይችሉም።

ያገኙት ቤት በከተማዋ ምሥራቅ ካሉት የ20/80 ሳይቶች (ነዋሪው 20 በመቶውን ቆጥቦ 80 በመቶውን በባንክ ብድር የሚከፍልባቸው የመንግሥት ቤቶች) በአንዱ የሚገኝ፣ ባለ ሁለት መኝታ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው። ብሎኩ ምድርና አራት ፎቅ ሲሆን እንደ አብዛኞቹ የ20/80 ብሎኮች ሊፍት የለውም። ሻጮቹ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። ዕጣው ከወጣላቸው ጀምሮ የኖሩበት ቤት ስለሆነ፣ የ20/80 ቤት ለሌላ እንዳይተላለፍ የሚከለክለው የአምስት ዓመት ገደብ አልፎታል። ደላላው የጠራው ዋጋ 6.2 ሚሊዮን ነበር። “ጋሼ፣ ፊኒሺንጉን ሲያዩት ራስዎ ይጨምሩበታል” አለው ባልየውን።

ችግሩ

ገዢዎቹ ዋጋው ይወደድ ይርከስ የሚለኩበት ነገር አልነበራቸውም። ስልካቸው ላይ ከቴሌግራም የሰበሰቧቸው ማስታወቂያዎች ነበሩ። ከእነዚያ ውስጥ ይኸው ቤት ራሱ በሦስት ደላሎች ተለጥፎ በ5.9፣ በ6.2 እና በ6.5 ሚሊዮን ተጠርቶ አገኘነው። የሳሎኑ መጋረጃ አንድ ነው፤ የተነሣው ፎቶ ግን ከተለያየ ማዕዘን ነው። ማስታወቂያ የሚነግረን ሻጭና ደላላ ምን እንደሚመኙ ብቻ ነው። ሃምሳ ማስታወቂያ አማካይ ቢወጣለት የሃምሳ ምኞት አማካይ ነው የሚሆነው።

በዚህ ላይ የምንዛሪው ለውጥ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ሻጮቹ ከለውጡ በፊት ቤቱን በ4.8 ሚሊዮን ሊሸጡት ያስቡ እንደነበር ኋላ ሰምተናል። የደላላው ክርክር “በዶላር ሲመታ እኮ ቤቱ ረክሷል” የሚል ነበር። ሚስትየው ገንዘቧን ያጠራቀመችው በድርሃም ስለሆነ ክርክሩ ልቧን ነክቶታል። እኔ ግማሹን ብቻ ነው የተቀበልኩት። ምንዛሪ ብረቱን፣ ሴራሚኩን፣ የኤሌክትሪክ ዕቃውን ያስወድዳል፤ ስለዚህ ያኔ አዲስ ቤት መሥራት ከዓመት በፊት ከነበረው በጣም ይበልጥ ነበር፤ የተሠራውም ቤት አብሮ ከፍ ይላል። የአዲስ አበባ ገዢ ደመወዝ ግን በምንዛሪው ልክ አልጨመረም፤ ቤቱን የሚገዛው ደግሞ እሱ ነው። ዋጋው በእርግጥ ምን ያህል እንደወጣ የሚነግረን ከሐምሌ በኋላ ገንዘብ ከፍሎ የገዛ ሰው ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ካሬውን ማስተካከል

ደላላው ቤቱን “78 ካሬ” ብሎ ነበር ያስተዋወቀው። በሜትር ስንለካው ውስጡ ወደ 61 ካሬ መጣ። የባለቤትነት ማረጋገጫ ካርታውም የተጣራው ስፋት 61 እንደሆነ ያሳያል፤ ቀሪው ከደረጃውና ከኮሪደሩ የሚደርስ የጋራ ድርሻ ነው። ማንም አልዋሸም፤ ቁጥሩ ብቻ ሌላ ነገር ነው የሚለካው። በ78 ሲካፈል 6.2 ሚሊዮን ብር ለካሬ 79 ሺህ 500 ገደማ ይሆናል። በ61 ሲካፈል 101 ሺህ 600 ይደርሳል። አንዱን ቤት በጠቅላላ ስፋት፣ ሌላውን በተጣራ ስፋት እየተመኑ “ይኼኛው ይሻላል” ማለት በዚህ ከተማ በየቀኑ የሚሠራ ስህተት ነው። እኛ ከዚያ በኋላ የተጣራውን ብቻ ይዘን ቀጠልን።

የገዙ ሰዎችን መፈለግ

ብዙ ጊዜ የወሰደውና ፍሬ ያፈራው ሥራ ይህ ነበር። የብሎክ ኮሚቴዎችንና የግቢ ጥበቃዎችን “በቅርቡ ገብቶ የሰፈረ አለ?” እያልን ጠየቅን። ጥበቃ ማን ዕቃ እንዳስገባ ያውቃል፤ ኮሚቴ ደግሞ አዲስ ባለቤት መዋጮ ስለሚከፍል ይመዘግበዋል። አዲስ ገዢዎቹ ዋጋቸውን ለመናገር ያመነታሉ ብዬ ነበር፤ ይበልጡን ለመንገር ጓጉተው አገኘናቸው። ሰው በጥሩ ዋጋ ገዛሁ ካለ ማውራት ይወዳል፤ ተበላሁ ካለ ደግሞ የበለጠ ያወራል።

በዚያው ሳይት አምስት የባለ ሁለት መኝታ ሽያጮች አገኘን። ሁለቱን ጣልናቸው። አንዱ በወንድማማቾች መካከል የተደረገ ነው። ሌላው 3.6 ሚሊዮን ብቻ የተከፈለበት ነበርና ባልየው “ይኸው!” ብሎ ተነሣ። ወረቀቱን ስናይ ግን ቤቱ የአምስት ዓመቱ ገደብ ሳያልፍ በውክልና የተሸጠ ሆኖ ተገኘ። ካርታው እስካሁን በሻጩ ስም ነው። ሻጩ ውክልናውን ሊሽር ይችላል፤ ከሞተም ውክልናው ይቋረጣል፣ ገዢውም ከወራሾች ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣል። ያ 3.6 ሚሊዮን የቤት ዋጋ አይደለም፤ ለሥጋቱ ሲባል ተቀንሶ የተከፈለ ገንዘብ ነው።

የቀሩት ሦስቱ እነዚህ ናቸው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ሰኔ 2016፣ ማለትም ከምንዛሪው ለውጥ በፊት፣ 4.3 ሚሊዮን ተከፍሎበታል፤ ፊኒሺንጉ ከመንግሥት እንደተረከቡት ነው። አንደኛ ፎቅ ላይ ያለው ጥቅምት 2017 በ5.3 ሚሊዮን ተሸጧል፤ ሴራሚኩም ኪችን ካቢኔቱም ተሠርቶ፣ ለግቢው በር የቀረበ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ኅዳር ላይ በ4.7 ሚሊዮን ሄዷል፤ ፊኒሺንጉ መጠነኛ ነው፤ ውኃ እዚያ ድረስ በራሱ አይወጣም።

ከለውጡ በኋላ የተሸጡት ሁለቱ ቤቶች የእኛን ቤት ከላይና ከታች አጠሩት። ሁለተኛ ፎቅ ከአራተኛ ይሻላል፤ ስለዚህ ከ4.7 በላይ ነው። ከአንደኛ ፎቁ ጋር ፊኒሺንጉ ይቀራረባል፤ ነገር ግን ከበሩ ይርቃል፣ አንድ ደረጃም ይበዛዋል። ስለዚህ ከ5.3 የሚያልፍበት ምክንያት የለም። የሰኔውን ሽያጭ እንደ ማመሳከሪያ ብቻ ያዝነው።

ቤቱን በቅርብ ማየት

ሻጮቹ ለፊኒሺንግ ብዙ አውጥተዋል። ጂፕሰም ኮርኒስ፣ አዲስ ሴራሚክ፣ የሳሎን መብራቶች። ያወጡትን ሁሉ ከዋጋው ላይ ማግኘት ይፈልጋሉ፤ የሻጭ ተፈጥሮ ነው። ገዢ ግን ለሌላ ሰው ምርጫ ሙሉ ዋጋ አይከፍልም። ሚስትየው ገና ስታየው የሳሎኑን ኮርኒስ ቀለም ለመቀየር ታስብ ነበር።

ሻወር ቤቱ በር ላይ ስቆም ከበላዩ ያለው ኮርኒስ ከአካባቢው የበለጠ ነጭ ሆኖ አየሁት። ቀለሙ በአንድ ካሬ ስፋት ብቻ አዲስ ነው። በጣቴ ሳንኳኳው ሌላው ቦታ ላይ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ እዚያ ጋ ደነዘ። ላይኛው ፎቅ ወጥተን አንኳኳን። ተከራይዋ ልብስ እያጠበች ነበር። የሻወር ቤቷ ወለል ላይ የሴራሚኩ መገጣጠሚያ ተበልቶ፣ ውኃው ወደ ፍሳሽ ቀዳዳው ከመሄድ ይልቅ ጥግ ላይ ይተኛል። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፤ ጉዳዩን የሚከታተልለት ሰው የለም። ወለሉን አስነሥቶ ውኃ መከላከያ ማስገባት፣ የታችኛውንም ኮርኒስ መቀየር 140 ሺህ ብር ገደማ እንደሚያስወጣ ገመትኩ። ለገዢዎቹ ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበው ግን ጥገናው የማያውቁት ሰው ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑ ነው፤ ይህንን በዋጋ ድርድሩ ላይ ለብቻው አነሣነው።

ንጋት ላይ የተገኘው ቁጥር

የሳይቱ ውኃ በፈረቃ ነው። ከሰዓት በኋላ ቤት የሚያሳይ ደላላ ስለ ውኃ ሲጠየቅ “ችግር የለም” ይላል። ሚስትየው ውኃ በሚመጣበት ዕለት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ብቻዋን ሄደች። የሻጩ ሚስት በረንዳ ላይ በርሜል እየሞሉ ነበር፤ ጎማውን ያዘችላቸው። ውኃው ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ያለ ፓምፕ እየወጣ እንደሆነ በዓይኗ አየች።

“እማማ፣ ለምንድነው የምትሸጡት?” ስትላቸው ጉልበታቸውን አሳዩዋት። ደረጃው ከብዷቸዋል። ቢሾፍቱ ምድር ቤት አግኝተው ቀብድ ከፍለዋል፤ ቀሪውን የሚከፍሉበት ቀን ደግሞ ቀርቧል። ከዚያ “ልጄ፣ እኛ እኮ ለደላላው አምስት ሚሊዮን ተኩል ነው ያልነው፤ አንቺ ስንት አለሽ?” አሏት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደላላው ከሻጮቹ ጋር የተስማማው “ከዚህ በላይ ያመጣኸው ያንተ” በሚል ነበር። በዚህ ዓይነት ስምምነት ደላላ ሻጭንም ገዢንም አይወክልም፤ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ለራሱ ይሸጣል። 6.2 ላይ ቢዘጋ 700 ሺህ ብር የእሱ ነበር፤ ከገዢ የሚጠይቀው ኮሚሽን ሳይቆጠር። ገዢ ይህን የሚያውቅበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ከሻጩ ጋር በቀጥታ መነጋገር። ደላላ ሻጭና ገዢ እንዳይገናኙ ሲከለክል ምክንያት አለው ማለት ነው።

ባልየው ደላላውን ዘሎ መግዛት ፈለገ። እኔ አልደገፍኩትም። ቤቱን ያገናኘው እሱ ነው፤ ጠብ ደግሞ ሻጮቹ የቢሾፍቱውን ቀን እንዲያሳልፉ ያደርጋቸዋል። ደላላውን ጠርተን ያወቅነውን ነገርነው። “እህቴ፣ ደላላ አየር አይበላም” ብሎ ተቆጣ፤ በኋላ ግን ከገዢ 2 በመቶ ብቻ እንደሚወስድ ፈረመ። ከሻጮቹ ጋር ያለውን እነሱ ጨረሱት።

ባንክና ኪራይ ያሉት

ገዢዎቹ ከፊሉን በብድር ለመሸፈን አስበው ነበርና የባንክ ግምት አሠሩ። ግምቱን ሌላ ባለሙያ ነው የሠራው፤ 3.9 ሚሊዮን መጣ። ሻጩ ሲሰሙት ሳቁ። ባንክ ግን የሚጠይቀው “ተበዳሪው ባይከፍል በሐራጅ ስንት አገኛለሁ?” የሚለውን ነው፤ ከሕንፃው የግንባታ ዋጋ ዕድሜውን ይቀንሳል፣ ለአካባቢው የተወሰነ ይጨምራል። ለገዢ ጥቅሙ የዋጋውን ዝቅተኛ ጫፍ ማሳየቱ ነው። ብድሩ ራሱ አልተሳካም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ከገደበ በኋላ ለቤት የሚሰጥ ብድር ጠብቦ ነበር፤ የባንኩ መልስ ደግሞ የሻጮቹን ቀን አይጠብቅም። የጎደለውን ከዘመድና ከዕቁብ ሞሉት።

የኪራዩ ስሌት ሌላ ነገር አሳየን። ተመሳሳይ ቤት በሳይቱ በወር 24 ሺህ ብር ይከራይ ነበር፤ በዓመት 288 ሺህ ነው። በ6.2 ሚሊዮን ሲሰላ ከ5 በመቶ በታች ነው፤ የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ እንኳ 7 በመቶ ነበር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ አከራይ ኪራይ እንዳሻው መጨመር አይችልም። ስለዚህ ከዋጋው ትልቁ ክፍል ብር እየረከሰ ይሄዳል በሚል ፍራቻ የሚከፈል ነው። ፍራቻው መሠረት የለውም አልልም። ለሚኖርበት ሰው ይህ ያን ያህል አያስጨንቅም፤ አከራይቶ ለመኖር የሚገዛ ግን ይህን ሒሳብ ሳይሠራ ቀብድ ባይሰጥ ጥሩ ነው።

ድርድሩና ክፍያው

ገዢዎቹ 5 ሚሊዮን ብለው ጀመሩ። ይዘው የቀረቡት ነገር የተጻፈ ነበር፦ የጥቅምቱና የኅዳሩ ሽያጭ፣ የሻወር ቤቱ ጥገና፣ ሙሉ ክፍያ በሦስት ሳምንት ውስጥ። ሻጩ የጥቅምቱን ገዢ በስም ያውቁታል፤ ቁጥሩን አልካዱም። ላይኛውን ፎቅ እንዲያስጠግኑ ጠየቅናቸው፤ “እኔ የሰው ቤት ገብቼ አላስነሣም” አሉ። ይህ አልተሳካም፤ በምትኩ ከዋጋው ቀነሱ። 5.25 ሚሊዮን ላይ ተስማሙ። እኔ እንደሚመስለኝ ከጥገናው ይልቅ ዋጋውን ያወረደው የክፍያው ፍጥነት ነው።

ካርታው ላይ የባንክ ዕዳ ነበረበት፤ ትንሽ ቀሪ ነው፣ ግን ሳይከፈል ስም አይዞርም። በምስክር ፊት ውል ተጽፎ 300 ሺህ ቀብድ ተሰጠ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ከቀብዱ ላይ ዕዳው ባንክ መስኮት ላይ በሻጩ ፊት ተከፍሎ ክሊራንስ (ዕዳ የለበትም የሚል ማረጋገጫ) ወጣ። እገዳ አለመኖሩ ተጣራ። ከዚያ ሻጮቹ ባልና ሚስት ሁለቱም ቀርበው ውልና ማስረጃ ፈረሙ። በቤተሰብ ሕጉ የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥምና የአንዳቸው ፊርማ ብቻ ቢሆን ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ቀሪው ገንዘብ በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ተከፈለ።

ደላላው እዚህም አንድ ምክር ነበረው፤ ውሉ ላይ 1.5 ሚሊዮን ይጻፍ። ቴምብር 2 በመቶና የአገልግሎት 4 በመቶ የሚከፍለው ገዢ ስለሆነ ይህ ለገዢ የተወረወረ ማጥመጃ ነው። አልተቀበሉትም። የከተማው አስተዳደር የራሱ የዋጋ ግምት ስላለው አሳንሶ መጻፍ የሚታሰበውን ያህል አያተርፍም፤ ሕገ ወጥነቱም አለ። ከሁሉ በላይ ነገ ውሉ ቢፈርስ ገዢ ሊያስረዳ የሚችለው የተጻፈውን ነው።

ስለዚህ የቤቱ ዋጋ 5.25 ሚሊዮን፣ የደላላ 105 ሺህ፣ የስም ዝውውር 315 ሺህ፣ ጥገና 140 ሺህ፤ ድምሩ 5.81 ሚሊዮን። ሰፈር ውስጥ “በአምስት ሚሊዮን ከሩብ ገዙ” ይባላል። ለእነሱ የቤቱ ዋጋ ግን 5.81 ነው፤ ከአቅማቸው በ10 ሺህ ብር አለፈ።

ያልተሳካው

የላይኛው ፎቅ ጥገና ለሁለት ወር ዘገየ፤ ባለቤቱ በስልክ እስኪፈቅድ ድረስ ኮርኒሱ እንደገና ረጠበ። ከገቡ በኋላ ደግሞ ብሎኩ ለጣሪያ ጥገና መዋጮ ጠየቀ። የብሎክ ኮሚቴውን የሽያጭ ዋጋ ስንጠይቅ የታቀደ መዋጮ መኖሩን አብሮ መጠየቅ ቀላል ነበር፤ ቃለ ጉባኤያቸውን ማየት ለሌላ ገዢ የመጀመሪያው ቀን ሥራ ሊሆን ይገባል።

ለሌላ ቤት ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም

ይህ አካሄድ የሚሠራው ተመሳሳይ ቤቶች ተደርድረው ባሉበት ነው። ኮንዶሚኒየም ለዚህ ይመቻል፤ ሁለትና ሦስት የቅርብ ሽያጭ ካገኙ፣ ውክልናና የዘመድ ሽያጭ ከጣሉ፣ ፎቅና ፊኒሺንግ ካስተካከሉ ከእውነቱ አይርቁም። ከምንዛሪ ለውጥ ወይም ከሌላ ትልቅ ነገር በፊት የነበረ ሽያጭ ግን ለማነጻጸሪያ ደካማ ነው።

ግንባታው ያላለቀ የሪል ስቴት አፓርታማ ላይ ጎረቤት የለም። እዚያ የሚጠየቀው ቀድሞ ተዋውሎ ውሉን ለሌላ ያስተላለፈ ሰው ነው፤ ካሬው የተጣራ ይሁን ጠቅላላ ደግሞ ውሉ ላይ በጽሑፍ መገኘት አለበት።

የግቢ ቤት ላይ ዋናው ዋጋ ያለው ከቤቱ ይልቅ በይዞታው ላይ ነው፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚገዛው ግንባታውና የመጠቀም መብቱ ነው። ነባር ይዞታ ይሁን ሊዝ (ለተወሰነ ዓመት በክፍያ የተያዘ መሬት) ካርታው ላይ ይታያል። ሊዝ ከሆነ ስንት ዓመት እንደቀረው ይቆጠራል፤ ያልተከፈለው ቀሪ የሊዝ ክፍያም ወደ ገዢው ስለሚዞር ከሚከፈለው ዋጋ ላይ ይቀነሳል።